የካሪንግተን እርሳስ ያልያዘው ለውጥ

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 እ.ኤ.አ. ረፋድ ላይ፣ ከለንደን በስተደቡብ ባለችው ሬድሂል፣ የሥነ ፈለክ ተመልካቹ ሪቻርድ ካሪንግተን የፀሐይን ምስል በመስታወት ላይ አሳርፎ ጥቁር ነጥቦቿን ይነድፍ ነበር። ንድፉን እንደጨረሰ በትልቁ የነጥቦች ስብስብ ላይ ሁለት ነጫጭ ብርሃኖች ድንገት ቦግ አሉ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተውም ጠፉ። እንዲህ ያለ ቃጠሎ ነጥቦቹን ሳይለዋውጥ አይቀርም ብሎ ከንድፉ ጋር ቢያስተያይ አንዳች ለውጥ አጣ። ስለዚህ ነገሩ የሆነው ከነጥቦቹ በላይ፣ ከፍ ብሎ ነው ሲል ደመደመ። ጸሐፊዎች አዘውትረው የሚተርኩት በማግስቱ የቴሌግራፍ መስመሮችን ያወከውን መግነጢሳዊ ማዕበል ነው። ለእኔ ግን «ምንም አልተለወጠም» የሚለው ምስክርነት ይበልጥ ይከብዳል፤ እውነትነቱ እርሳስ ሊይዘው በሚችለው ልክ ነበርና።

ነጥቡን የሚያጠቁረው ከሥር የሚወጣውን ሙቀት የሚያግድ መግነጢሳዊ መስክ መሆኑን ካሪንግተን ሊያውቅ አይችልም። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ጆርጅ ሄል በማውንት ዊልሰን የፀሐይ መመልከቻ ጣቢያ ይህን መስክ የለካው በ1908 ነው፤ ፒተር ዜማን በ1896 በቤተ ሙከራ ያየውን የብርሃን መስመሮች መሰንጠቅ በነጥቦቹ ላይ አገኘው። መጠኑ እስከ 3,000 ጋውስ ይደርሳል፤ የምድራችን ግማሽ ጋውስ ያህል ነው። ከዚያ በኋላም የካሪንግተን ድምዳሜ አዲስ ልብስ ለብሶ ቀጠለ። ካሪንግተን እንዳየው ያለ የፀሐይ ፍንዳታ ጉልበቱ ከላይ፣ በስሱ ከባቢ አየር ውስጥ ተወጥሮ ከቆየ መስክ ይመጣል፤ ከታች ያለው ጋዝ ግን እጅግ የከበደ ነውና የላይኛው አይነቀንቀውም ተባለ። ሙግቱ ደካማ አልነበረም። በፍንዳታ ሰዓት የብርሃን መስመሩ ራሱ ቅርጹን ስለሚቀይር፣ ለውጥ አየን የሚሉ ሁሉ መሣሪያቸው እንዳታለላቸው ይጠረጠሩ ነበር።

ጥርጣሬውን ያቀለለው የለውጡ ዘላቂነት ነው። ተመራማሪዎቹ ሱዶል እና ሃርቪ በ2005 ባሳተሙት ጥናት 15 ታላላቅ ፍንዳታዎችን መረመሩ፤ መስኩ በአብዛኛው ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ፣ ከ30 እስከ 300 ጋውስ በሚጠጋ መጠን ተለውጦ በዚያው ይቀራል። የመሣሪያ ስህተት ቢሆን ብርሃኑ ሲደበዝዝ አብሮ በጠፋ ነበር። ነጥቦች እኮ ያለ ፍንዳታም ይለዋወጣሉ የሚል ይኖራል። አዎን፤ ግን በዝግታ እንጂ ከፍንዳታው ደቂቃ ጋር ገጥመው በአንድ እርከን አይዘልሉም። ሃድሰን እና ባልደረቦቹ በ2008 ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የላይኛው መስክ ጉልበቱን ሲለቅ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ የታችኛውንም ይጫነዋል አሉ፤ ስለዚህ ተቃራኒ ዋልታዎች በሚዋሰኑበት መስመር አጠገብ መስኩ ይበልጥ መጋደም አለበት። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2011 ፍንዳታ ጊዜ ፀሐይን የምትከታተለው ኤስዲኦ የተባለች መንኮራኩር በዚያ መስመር አጠገብ ያየችው የተጋደመ መስክ 30 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር። አንዳንዴማ ለውጡ ያለ መግነጢስ መለኪያም ይታያል፤ ከታላላቅ ፍንዳታዎች በኋላ የነጥቡ የውጭ ግራጫ ጠርዝ ሲሳሳ፣ ወደ መሐል ያለው ሲጠቁር በተራ ፎቶግራፍ ተይዟል።