የርካሽ ልብስ ዕዳ

ርካሽ ልብስ ለገዢው ደስታ ነው፤ ነገር ግን ከዋጋው የጐደለውን በስውር የሚከፍል ሌላ ሰው አለ። ይህንም ከድሬዳዋ ታሪክ ጀምረን እንመልከት። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡር ጋር ተቈረቈረች፤ በጣልያንም ዘመን ኮተኒ የተባለው የጥጥ ፋብሪካ ቆመላት። በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 210 ሠራተኞች በማኅበር ተባብረው ስለ ደመወዛቸው እንዲደራደሩ ፈቀደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና ተከፈተ።

ስለ እንደዚህ ያሉ ፓርኮች ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ «ሥራ ከማጣት ጥቂት ደመወዝ ይሻላል» ሲል፥ ሌላው «ለቤት ኪራይና ለእንጀራ ካልበቃ ምን ደመወዝ ነው?» ይላል። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች፥ በሐዋሳው ፓርክ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ታላላቅ ነጋዴዎች ልብስ የሚሰፉ ሠራተኞች መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጡ። በዚያው ዓመት አዋጅ ቍጥር 1156 ስለ ዝቅተኛው ደመወዝ የሚመክር ቦርድ እንዲኖር ደነገገ፤ ልኩ ግን ሳይወሰን ብዙ ዓመታት አለፉ።

ወጣቶች ሆይ፥ ሥራ ማግኘት በጎ ነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የተራበ ሰው «እሺ» ማለቱ ክፍያው ትክክል ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። ነገ ከእናንተ አንዳንዱ ነጋዴ፥ አንዳንዱም ሕግ አውጪ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ዋጋ ስትቈርጡ አስቀድማችሁ የምትሰፋዋን ልጅ እንጀራ ቍጠሩ።