የቆዳ ተራራ ጫማ

የቆዳ ተራራ ጫማ ድንጋይ በበዛበት፣ ገደላማና ጭቃማ መሬት ላይ ሸክም ይዞ ለቀናት ለሚጓዝ ሰው የሚሠራ ቦት ጫማ ነው። ቶማያው፣ ማለትም እግርን የሚሸፍነው የላይኛው ክፍል፣ ከወፍራም የከብት ቆዳ፣ ሶሉ ጥርስ ካለው ጎማ ይሠራል፤ አንገቱ ቁርጭምጭሚትን አልፎ ይወጣል። ጥንዱ ብዙውን ጊዜ ከ1.4 እስከ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በተደላደለ መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ ክብደት ትርፉ ድካም ነው። ጫማው ክብደቱን የሚክሰው ሹል ድንጋይ፣ የላላ ጠጠር፣ የጀርባ ሸክምና ረጅም ቁልቁለት ሲገናኙ ነው። ከሁሉም በላይ የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ገዢው ሱቅ ውስጥ ጫማውን የሚለካው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይም ንጣፍ ላይ ቆሞ ስለሆነ፣ አብዛኛው የምርጫ ስህተት የሚታወቀው ተራራውን መውረድ ሲጀምር ነው።

ከሚስማር ወደ ጎማ

እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በአልፕስ ተራሮች ይሠራበት የነበረው ጫማ ሶሉም ቆዳ ነበር። እንዳያንሸራትት የብረት ሚስማር ይመታበታል። የጄኔቫው ተወላጅ ፌሊክስ ቫለንቲን ዤነካን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያወጣው ጥርሳም ብረት በራሱ ቅጽል ስም «ትሪኩኒ» እየተባለ በተራራ ወጪዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተፈላጊ ሆኖ ቆይቷል። ሚስማር በበረዶና በእርጥብ ሣር ላይ አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ጫማውን ያከብዳል፣ ብርዱን ወደ እግር ያስገባል፣ ልሙጥ አለት ላይም ያንሸራትታል። ስለዚህ ወጪዎቹ እስከ ገደሉ ግርጌ በሚስማር ጫማ ይሄዱና እዚያ አውልቀው ሶሉ ስስ በሆነ ቀላል ጫማ ይቀይሩ ነበር።

ይህ ልማድ በ1935 እ.ኤ.አ. ሕይወት አስከፈለ። በጣልያንና በስዊዘርላንድ ድንበር ባለው ፑንታ ራዚካ ተራራ ላይ አንድ የጣልያን ቡድን በድንገተኛ የበረዶ ማዕበል ተያዘ። በእግራቸው የነበረው ስስ ጫማ ለበረዶም ለብርድም የሚሆን አልነበረም፤ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ከጉዞው የተረፈው የሚላኑ ቪታሌ ብራማኒ አለትም በረዶም ላይ የሚይዝ አንድ ሶል ለመሥራት ተነሣ። ከጎማ አምራቹ ፒሬሊ ድጋፍ አግኝቶ በ1937 እ.ኤ.አ. ጥልቅ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ድርጅቱንም ከስሙና ከአባቱ ስም ፊደላት ቀንጭቦ ቪብራም አለው። በ1954 እ.ኤ.አ. ሊኖ ላቸዴሊና አኪሌ ኮምፓኞኒ 8,611 ሜትር ከፍታ ያለውን ኬ2 ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ የጣልያኑ ቡድን የተጫማው ይህንኑ ሶል ነበር። ዛሬ በየትኛውም አምራች ጫማ ሥር የሚታየው ጥልቅ ጥርስ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ቆዳው

የከብት ቆዳ ጥንካሬ ያለው ፀጉር ይበቅልበት በነበረው የላይኛው ፊቱ ላይ ነው፤ የቆዳው ቃጫ እዚያ ጋ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ነው። ይህ ፊት ሳይፋቅ የቀረው ሙሉ ቆዳ ውሃና ጭረት በመቋቋም ተወዳዳሪ የለውም። ፊቱ በስሱ ተሞርዶ ሲለሰልስ ኑባክ ይባላል፤ ጥንካሬው ለሙሉው ቆዳ ይቀርባል፣ እንክብካቤ ግን ይበልጥ ይፈልጋል። ቆዳው ለሁለት ተሰንጥቆ ከሥረኛው ክፍል የሚሠራው ሱዊድ ለስላሳና ርካሽ ነው፤ ለደረቅና ለአጭር መንገድ ይበቃል። ለከባድ መሬት የሚሠራ ጫማ ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከ2.4 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይወፍራል።

ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ጉድለቱ ተፍቆ በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ቆዳ ነው። ሲያዩት ያብረቀርቃል፣ ከእውነተኛው ይልቅ ያማረ ይመስላል። ቶማያውን በአውራ ጣት ገፋ አድርጎ ማየት ይበጃል፦ ሙሉው ቆዳ ጣቱ ባረፈበት ዙሪያ ደቃቅ ሽብሽብ ያወጣል፣ ጣቱ ሲነሣም ሽብሽቡ ይጠፋል። ቀለም የለበሰው ግን እንደ አንድ ልጥፍ ይጎብጣል፣ ከወራት በኋላም ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ይሰነጣጠቃል። የስፌቱን ብዛት መቁጠርም ያዋጣል። ውሃ መጀመሪያ የሚገባው በስፌት በኩል ስለሆነ ከአንድ ወጥ ቆዳ የተቆረጠ ቶማያ ብዙ ቁራጭ ከተገጣጠመበት ይሻላል።

ኢትዮጵያ በዓለም ገበያ የምትታወቀው በበግና በፍየል ሌጦ ነው። የደጋው በግ ቆዳ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንትና ለልብስ ይፈለጋል፤ ለተራራ ጫማ ግን ወፍራሙ የከብት ቆዳ ያስፈልጋል።

ሶሉና አካሉ

ሶል ከቶማያ ጋር በስፌት ወይም በማስቲሽ ይያያዛል። በስፌት ከሚሠሩት መካከል በሰፊው የሚታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቻርልስ ጉድይር ልጅ ስም የተስፋፋው ጉድይር ዌልት ነው፤ በዚህ አሠራር በቶማያው ዙሪያ የሚዞር የቆዳ ጠፍር ይሰፋና ሶሉ ከጠፍሩ ጋር ይያያዛል። ሶሉ ሲያልቅ ቶማያው ሳይነካ ይፈታል፣ አዲስ ይገባል። በማስቲሽ የተለጠፈው ቀለል ይላል፣ ለመለማመድም አይከብድም። በልዩ መጭመቂያ ከሆነ እሱም ሶሉ ይቀየርለታል።

ከቶማያውና ከታችኛው ሶል መካከል ባለው የሶል ክፍል ውስጥ የብረት ወይም የናይለን ስስ ዘንግ ይገባል። ሹል ድንጋይ ሲረገጥ ጫናውን በመላ እግር ላይ የሚበትነው ይህ ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ ተረከዙንና ጫፉን ለማጠፍ መሞከር ግትርነቱን ይነግራል፦ መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ ሥር ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ ለተራራ አይሆንም። የጀርመኑ ጫማ ሠሪ አልፎንስ ማይንድል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ከኤ እስከ ዲ ያለው ደረጃ በአውሮፓ ሱቆች ዛሬም ያገለግላል። ኤ ለተደላደለ መንገድ፣ ዲ ለበረዶ ግድግዳ ነው። ሸክም ይዞ ድንጋያማ ተራራ ለሚሄድ ሰው ቢ ወይም ቢ/ሲ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግትርነት መራመድን ያከብዳል።

የውስጥ ገበሩ ቆዳ ወይም እንደ ጎርቴክስ ያለ፣ ውሃ የማያስገባ ላብ ግን የሚያስወጣ ስስ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ለጭቃና ለጤዛ ይረዳል። ውሃ አንዴ በአንገቱ በኩል ከገባ ግን በቀላሉ አይደርቅም፣ በቆላ ሙቀትም እግርን ያፍናል። በበጋ ወራት የሚጓዝ ሰው በደንብ ሰም የጠጣ የቆዳ ገበር ያለው ጫማ ቢመርጥ አይጎዳም፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ረጅም ዕድሜ ያለውም እሱ ነው።

ስለ አንገቱ የተጋነነ እምነት አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናት አንገተ ረጅም ጫማ ያደረጉትና አጭር ያደረጉት በቁርጭምጭሚት ወለምታ ልዩነት እንደሌላቸው አሳይቷል። ሜዳና ተራራ አንድ ባይሆኑም፣ አንገት ብቻውን ወለምታን ያስቀራል ብሎ መተማመን አይገባም። የሚሰጠው የተረጋገጠ ጥቅም አጥንትን ከድንጋይ ግጭት መከላከልና ጠጠር እንዳይገባ ማድረግ ነው።

መሬቱና ጫማው

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ዓይነት ጫማ ጥሩ መመዘኛ ነው። ከደባርቅ ወዲያ በሳንቃበርና በግጭ በኩል እስከ ጨነቅ ያለው መንገድ የገደሉን ጫፍ ይዞ የሚሄድ፣ በአመዛኙ ሣርና የተረገጠ አፈር ነው። በበጋ ቀላል ጫማ ያደረገ ጤነኛ ተጓዥም ይጨርሰዋል። የሚከብደው ከጨነቅ ወዲያ ነው። ወደ ራስ ዳሸን የሚሄድ ሰው የቧሂትን መተላለፊያ በ4,200 ሜትር ገደማ ይሻገርና 2,800 ሜትር ገደማ ወዳለው የመሸሃ ወንዝ ይወርዳል። 1,400 ሜትር ያህል በሚሆነው በዚህ ቁልቁለት ላይ ጠጠሩ ከሶሉ ሥር ይሸሻል፣ እግር በየእርምጃው ወደ ጫማው ጫፍ ይገፋል። ተረከዝን ቆልፎ የማይይዝ ጫማ እዚህ ጥፍርን ያጠቁራል፤ ወንዙን ተሻግሮ ወደ 4,533 ሜትሩ ጫፍ የሚያወጣው ዳገት ደግሞ ገና ነው። በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ይኸው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን የሶሉ ጥርስ ጥልቀትና ርቀት ዋጋ ያገኛል፤ ጥርሱ ከተቀራረበ ጭቃውን ተሸክሞ ይቀራል።

የፓርኩ ጠባቂዎችና በቅሎ ነጂዎች ይህንኑ መንገድ በኮንጎ ወይም በበረባሶ ሲያቋርጡት ይታያሉ። ይህን አይቶ ከባድ ጫማ ትርፍ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ያደገ እግር ጣቶቹ ተዘርግተው መሬት ይይዛሉ፣ ውስጥ እግሩ ደንድኗል፣ ቁርጭምጭሚቱ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሚዛን መጠበቅን ከልጅነቱ ተምሯል። በጠባብ ጫማና በአስፋልት ላይ ያደገ እግር ይህን በአንድ ሳምንት አያገኘውም። እነዚያ ጠባቂዎችም ቢሆኑ ብርዱንና የድንጋዩን ግጭት የሚችሉት አማራጭ አጥተው ነው፤ ጥሩ ጫማ ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ይጫሙታል።

ሌላው መሬት ሌላ ይጠይቃል። በኤርታ አሌ ዙሪያ ያለው በቅርብ ጊዜ የረጋ ቅልጥ ድንጋይ ጠርዙ ጨርቅ ጫማን ይበጣጥሳል፣ ወፍራም ቆዳ እዚያ ያተርፋል፤ ውሃ መከላከያው ሽፋን ግን በዚያ ሙቀት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በገርዓልታ ወደ አቡነ ይምዓታ ጉሕ የሚወጣ ሰው ደግሞ ጫማውን ጨርሶ ያወልቃል። በአሸዋ ድንጋዩ ላይ ያሉት መርገጫዎች ለጣቶች ብቻ የሚበቁ ስለሆኑ ባዶ እግር ከማንኛውም ሶል የተሻለ ይይዛል።

ልኩ

ከቆዳው፣ ከሶሉና ከስሙ ሁሉ በፊት የሚቀድመው ልክ ነው። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ለጉዞው በታሰበው ወፍራም ካልሲ ነው። ሁለት እግሮች እኩል ስለማይሆኑ ልኩ የሚወሰደው ከትልቁ ነው። በእኛ ገበያ የሚሠራበት የአውሮፓ ቁጥር ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚጨምረው የሴንቲ ሜትርን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለቁልቁለት ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ስለሚያስፈልግ፣ የተራራ ጫማ ከአዘቦቱ ጫማ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር መብለጡ የተለመደ ነው።

ክሩ ሳይታሰር እግሩን እስከ ጫፍ ገፍቶ ከተረከዝ ኋላ አንዲት ጣት ማስገባት ቁመቱን ያሳያል። ከዚያ ክሩን አጥብቆ ተዳፋት ላይ፣ ካልተገኘ ደረጃ ላይ፣ ቁልቁል መውረድና ሶሉን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው። ጣት ጫፉን ከነካ ጫማው አይሆንም። «ይለምዳል» የሚለውን የሻጭ ቃል እዚህ ላይ መቀበል አይገባም፤ ቆዳ ከጊዜ ጋር በወርዱ ትንሽ ይሰፋል፣ በቁመቱ ግን አይረዝምም። አዲስ ግትር ጫማ ውስጥ ተረከዝ በትንሹ ብድግ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ሶሉ መታጠፍ ሲጀምር ይቀንሳል። በግልጽ ሸርተት ካለ ግን ውሃ መቋጠሩ አይቀርም።

ክብደቱን መናቅም አይገባም። በአሜሪካ ጦር የምርምር ተቋም ሱልና ጎልድማን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እግር ላይ የታሰረ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠይቀው ጉልበት የራስን ሰውነት አንድ ኪሎ ግራም ከመሸከም ከ4 እስከ 6 እጥፍ ያህል ይበልጣል። እርምጃው በሺዎች ሲቆጠር ልዩነቱ ጉልበትን ይፈትናል።

አጫማም

አዲስ የቆዳ ጫማ በጉዞ ዋዜማ አይገዛም። መጀመሪያ ቤት ውስጥ፣ ቀጥሎ ከተማ፣ ከዚያ አጭር ዳገት እያለ ለሳምንታት ይለመዳል። ውሃ ውስጥ ነክሮ እግር ላይ ማድረቅ የሚሉት የቆየ ዘዴ ቆዳውንም ማስቲሹንም ይጎዳል።

ክሩን ከታች እስከ ላይ እኩል ማጥበቅ አያስፈልግም። ጣቶች በሚታጠፉበት ላላ ይደረጋል፤ እግር በሚጎብጥበት፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት ባሉት መንጠቆዎች ላይ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ማጥበቅ ተረከዝን ወደ ኋላ ይቆልፋል። ዳገት ላይ የላይኛውን ክፍል ማላላት፣ ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆም ብሎ እንደገና ማጥበቅ ይገባል። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ከማንኛውም ቅባት በላይ እግርን ያድናል። ካልሲው ሱፍ ወይም ሱፍ የተቀላቀለ ይሁን፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀርና ቆዳን ያላላዋል። አንድ ቦታ መሞቅ ሲጀምር ሳይቋጥር ወዲያውኑ ፕላስተር መለጠፍ ነው።

እንክብካቤና ዕድሜ

ከጉዞ በኋላ ጭቃው በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ይታጠባል፣ የውስጥ ንጣፉ ይወጣል፣ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበትና ጥላ ውስጥ ይደርቃል። በእሳት ዳር ማድረቅ ቆዳውን ያኮማትረዋል፣ የሶሉን ማስቲሽ ይፈታል። ከደረቀ በኋላ ንብ ሰም ያለበት ቅባት በስሱ ይቀባል፤ ዘይት የበዛበት ቅባት ቆዳውን ያለመጠን ያላላዋል።

ብዙዎችን የሚያታልለው የመካከለኛው ሶል እርጅና ነው። ከፖሊዩሬታን የተሠራ ከሆነ ባይጫሙትም እንኳ ከአየሩ እርጥበት ጋር እየተዋሃደ ከዓመታት በኋላ ይፈረካከሳል፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ ሳይታሰብ በጉዞው የመጀመሪያ ቀን ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። ከሰልባጅ ገበያ የተገዛ ወይም ከጎብኚ በስጦታ የተገኘ ጫማ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል፣ ምክንያቱም ዕድሜው አይታወቅም። በጥፍር ሲጫኑት የሚፈረፈር ወይም ደቃቅ ስንጥቅ ያለበት ሶል ከሆነ፣ ቶማያው ምንም ያህል ቢያምር ሳይቀየር ተራራ አይወጣበትም። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ድንገት የተገነጠለ ሶልን ከቶማያው ጋር አስሮ እስከ መንደር የሚያደርስ ጠንካራ ክር ወይም ጠፍር በሻንጣው መያዝ አለበት።