ከስደት የተወለደው ግንባር



ዛሬ ሞዛምቢክን የሚገዛው ፓርቲ የተወለደው በስደተኞች መካከል ነው። የፖርቱጋልን የግዳጅ ሥራና የግዳጅ ጥጥ እርሻ ሸሽተው በየጎረቤት አገሩ የተበተኑ ሰዎች ያቋቋሟቸው ሦስት ማኅበራት በጁን 1962 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዳሬሰላም ተዋሐዱ። ስማቸውንም «የሞዛምቢክ ነፃነት ግንባር»፣ በአጭሩ ፍሬሊሞ፣ አሉ። የመጀመሪያው መሪ ዶክተር ኤድዋርዶ ሞንድላኔ ነበሩ።

ግንባሩ በሴፕቴምበር 1964 የትጥቅ ትግል ጀመረ። ነፃ ባወጣቸው የካቦ ዴልጋዶና የኒያሳ መንደሮች ትምህርት ቤትና የጋራ እርሻ አቋቋመ። እዚያም ከባድ ጥያቄ ተነሣ፤ ጠላታችን ነጭ ሰው ነው ወይስ ሥርዓቱ? ጥቁር ነጋዴ ገበሬውን ቢበዘብዝስ? ክርክሩ ሳይበርድ ሞንድላኔ በፌብሩዋሪ 1969 በመጽሐፍ ውስጥ ተደብቆ በተላከ ቦምብ ተገደሉ። ምክትላቸው ኡሪያ ሲማንጎ ከግንባሩ ተባረሩ። አመራሩንም ሳሞራ ማሼል ያዙ።

በኤፕሪል 1974 የሊዝበንን መንግሥት የገዛ መኮንኖቹ ገለበጡት። ሞዛምቢክም በጁን 25 ቀን 1975 ነፃ ወጣች። በ1977 ግንባሩ ራሱን የማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ አደረገ፤ ሌላ ፓርቲ አልተፈቀደም። ሲማንጎና ሌሎች ተቃዋሚዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። በ1983 ደግሞ የሥራና የነዋሪነት ወረቀት የሌለው ከተሜ እየታፈሰ ወደ ኒያሳ ተጋዘ፤ ትናንት ነፃ መሬት ወደ ነበረችው ኒያሳ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ሥልጣን ግን የተወጋውንም ያስረሳል።

ሬናሞ የተባለውን ታጣቂ ቡድን የሮዴዥያ ስለላ ፈጠረው፤ በኋላም የደቡብ አፍሪካ ዘረኛ መንግሥት ቀለበው። መንደር አቃጠለ፣ ሰላማዊ ሰው ጨፈጨፈ። የሚገባበትን ቀዳዳ ግን በከፊል ያገኘው ገበሬው በመንግሥቱ ላይ ከያዘው ቂም ነው። በኦክቶበር 1992 በሮማ ሰላም ሲፈረም ማላዊ ውስጥ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ሞዛምቢካውያን ስደተኞች ነበሩ። በስደተኞች የተመሠረተ ግንባር በሚገዛት አገር ሕዝቡ እንደገና ተሰደደ።

ፍሬሊሞ በ1989 ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን ተወ፤ ከ1994 ጀምሮ ምርጫ ቢካሄድም ከመንበሩ አልወረደም። በኦክቶበር 2024 የተደረገው ምርጫ ተጭበርብሯል ብለው አደባባይ ከወጡት መካከል ብዙዎች በጥይት ወደቁ።

እንግዲህ አንድን የነፃነት ግንባር ስንመዝን ያባረረውን ቅኝ ገዥ ብቻ አንቁጠር። ገና በጫካና በስደት ሳለ ከውስጡ «አይሆንም» ያለውን ሰው ምን እንዳደረገው እንጠይቅ። የነገው መንግሥት መልክ እዚያ ይታያል።