ባሕር ዛፍ በሁለት አገር፦ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዴራ

ከጎንደር ገጠር ወደ እስራኤል ለመጣን ሰዎች በአዲሱ አገር ያየነው ነገር አብዛኛው እንግዳ ነበር። ቤቱም፣ ምግቡም፣ ቋንቋውም አዲስ ነበር። ነገር ግን ገና እንዳየነው በስሙ የጠራነው አንድ ዛፍ አለ። ቅርፊቱ እየተላጠ የሚወድቀው፣ ቅጠሉ ሲታሽ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ያጠኑንን ሽታ የሚሰጠው ባሕር ዛፍ ነው። እስራኤላውያን ኤካሊፕቱስ ይሉታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የልጅ ልጄ ክፍል ወደ ሐዴራ ደን ለጉብኝት ሲሄድ አብሬ ሄጄ ነበር። አስጎብኚው ለልጆቹ፣ «ይህ ዛፍ ረግረጉን መጥጦ የመጀመሪያዎቹን ሰፋሪዎች ከወባ አዳናቸው» ብሎ አስረዳ። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን በአማርኛ፣ «በእኛ ሰፈር ይህን ዛፍ ምንጭ አጠገብ የሚተክል ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይጣላ ነበር፤ ውሃውን ይጨርሰዋላ!» አሉ። ልጁም ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ ታዲያ ዛፉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ሰዓት በቂ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለዚያ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

እንደሚታወቀው የባሕር ዛፍ ትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ኢትዮጵያ የገባው በ1890ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ስለሆነም ሕዝቡ «ባሕር ዛፍ» አለው። በ1886 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ በከባድ የእንጨት ችግር ላይ ነበረች። በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተቆርጦ ተመናምኖ ነበር። በቀድሞው ልማድ እንጨት ሲያልቅ የንጉሡ ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ምኒልክም በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ ይህ ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ ነው። ኮረብታዎቿ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ በባሕር ዛፍ ተሸፈኑ።

ምስጋናው ግን ብዙም ሳይቆይ ከቅሬታ ጋር ተቀላቀለ። ጉድጓዶችና ምንጮች ደረቁ የሚል አቤቱታ በመነሣቱ በ1913 እ.ኤ.አ. ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ወጣ። ትእዛዙ ግን በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ሕዝቡ ያለዚያ ዛፍ ማገዶና አጠና ከየት ያገኛል?

በዚያው ዘመን ዛፉ በዚህም አገር ይተከል ነበር። ሐዴራ የተመሠረተችው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች የገዙት መሬት ረግረግ የበዛበት ስለነበር ብዙዎቹ በወባ አለቁ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ባሮን ኤድሞንድ ዴ ሮትሽልድ በሰጡት ገንዘብ ከግብፅ የመጡ ሠራተኞች ቦይ ቆፈሩ፤ ባሕር ዛፍም በብዛት ተተከለ። የአካባቢው ዐረቦች ዛፉን «የአይሁድ ዛፍ» ይሉት ጀመር። እንግዲህ አንዱ ዛፍ በአንድ አገር የባሕር፣ በሌላው አገር የአይሁድ ተባለ፤ በሁለቱም ዘንድ ስሙ የመጤ ስም ነው።

የዛፉ ተፈጥሮ ምንድን ነው? በሐዴራ የተተከለው ቀይ ባሕር ዛፍ የምንለው ዓይነት ነው። በትውልድ አገሩ በወንዝ ዳር የሚበቅል ስለሆነ ሥሩ ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ይታገሣል። በኢትዮጵያ ደጋ የተስፋፋው ደግሞ ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ቅጠላቸውን አያረግፉም፤ ፈጥነው ያድጋሉ፤ በመሆኑም ብዙ ውሃ ይጠጣሉ። ሲቆረጡም አይሞቱም። በቅርፊቱ ሥር ተኝተው የቆዩ ቡቃያዎች ይነቁና ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ገበሬው አንድ ጊዜ ተክሎ ለብዙ ዓመታት እየደጋገመ የሚቆርጠው ስለዚህ ነው።

ረግረጉን ያደረቀውና ወባን ያጠፋው ግን ዛፉ ብቻውን ነውን? አይደለም። ዛፉ ሲተከል ብዙ ሰዎች ወባ ከረግረግ በሚወጣ መጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። ሮናልድ ሮስ የተባለው ሐኪም የወባ ተሐዋስያንን በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። በ1920ዎቹም ዶክተር እስራኤል ክሊግለር ትንኟ የምትራባበትን ውሃ በየቦታው እያስፈተሹ፣ እያስደረቁና ሕዝቡን እያስተማሩ በሽታውን በጽኑ ተዋጉት። ስለዚህ ዛፉ ረዳት ነበር እንጂ ዋናውን ሥራ የሠሩት ቦዩ፣ ዕውቀቱና የሰው ትጋት ናቸው።

በኢትዮጵያም የተደረጉት ጥናቶች ነገሩ አንድ ወጥ እንዳልሆነ ያስረዳሉ። በትግራይ በ1997 እ.ኤ.አ. ባሕር ዛፍን በእርሻ መሬት ላይ መትከል ተከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም የሰብሉን ውሃና አፈር ይሻማል ተብሎ ነው። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ክልል የተካሄደ ጥናት ለእርሻ በማይሆን መሬት ላይ ከተተከለ ለድሃው ገበሬ ጥሩ ገቢ እንደሚያስገኝ አመለከተ። በደቡብ ደግሞ በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ተመራማሪዎች በባሕር ዛፍና በሌሎች የተተከሉ ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ዛፎች በራሳቸው ሲበቅሉ አግኝተዋል። ይህም የሆነው የጥንቱ ደን በአጠገብ ስለነበረና ዘሩ ወደዚያ ሊደርስ ስለቻለ ነው። የጥንቱ ደን ፈጽሞ ከጠፋ ግን ዘሩ ከየት ይመጣል?

ኦሪትም ቢሆን ዛፍን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። በዘዳግም ምዕራፍ 20 ከተማ በሚከበብበት ጊዜ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ፍሬ የሌለውን ግን ለሥራ መቁረጥን ይፈቅዳል። ሰው መርምሮና ለይቶ እንዲሠራ ታዟል ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጅ ልጄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ አስጎብኚውም ሽማግሌውም እውነት ተናግረዋል። ዛፉ ውሃ ይጠጣል። ውሃ በተረፈበት በሐዴራ ይህ ጠባዩ ረዳት ሆነ፤ ውሃ ባነሰበት በምንጭ ዳር ግን ጉዳት ሆነ። ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያሰኘው የተተከለበት ቦታና የተካዩ ዕውቀት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳስብ። የአስጎብኚው ቃል በመጽሐፍ ተጽፏል፤ በየትምህርት ቤቱም ይነገራል። የሽማግሌው ቃል ግን በአማርኛ ተነግሮ እዚያው ሊቀር ነበር፤ ለአስጎብኚው በዕብራይስጥ የተረጎመለት ልጁ ነው። አስጎብኚውም ሰምቶ ተገረመ፤ በደብተሩም ጻፈው። ለሞፈር የሚሆነውን፣ ለቀጥቃጭ እሳት የሚሻለውን ከሰል፣ ምንጭ የሚጠብቀውንና ምንጭ የሚያደርቀውን ዛፍ ለይተው የሚያውቁ ወላጆቻችን በየዓመቱ እያነሱ ነው። እነርሱ ከሄዱ በኋላ እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ ዳግመኛ የሚያቆጠቁጥ ዕውቀት የለም። ስለዚህ ልጆች ሆይ፣ አያቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ።