ባቡር ከተማ የሚሠራው ሲቆም ነው

የኢትዮጵያ ከተሞች አመጣጥ በአመዛኙ ይታወቃል። አንዱ በቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ ሌላው በደብር ዙሪያ፣ ሌላው በገበያ ዙሪያ ተቆረቆረ። ድሬዳዋ ግን ከእነዚህ አንዷም አይደለችም። ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት አቅም ስላጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ነበር። ውሉ መስመሩን በሦስት ከፍሎታል። የመጀመሪያው ከጅቡቲ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ሦስተኛው ከወረቀት አልወጣም። ከመጀመሪያው የቀረው ደግሞ ሐረር ራሷ ናት።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ ውሃ በሌለበት በረሃ ላይ ተዘረጋ። ኩባንያው ገና ከጅምሩ የገንዘብ እጥረት ነበረበት። ሐረር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ባቡሩን እዚያ ማውጣት ተራራ መቁረጥ፣ ድልድይ መደርደር፣ ተጨማሪ ገንዘብ መበደር ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ሥር በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከሐረር በታች፣ ደቻቱ በሚባለው የክረምት ወንዝ ዳር ደረሰ። ምኒልክ ቦታውን “አዲስ ሐረር” ብለው ሰየሙት። ስሙ ግን አልጸናም፤ የአገሬው ስም አሸነፈ፤ ድሬዳዋ ተብላ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለከተማዋ ዕድል፣ ለኩባንያው መርዶ ነበር። ገንዘቡ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት በኩባንያው ጉዳይ እጁን ማስገባቱ ምኒልክን አስቆጣ። እንግሊዝና ጣልያንም በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። ሦስቱ ኃያላን በ1899 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ በተፈራረሙት ስምምነት ውስጥ የባቡሩ ጉዳይ አንዱ ነጥብ ነበር፤ የአገሩ ባለቤት ግን የፈራሚነት ቦታ አልነበራቸውም። በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ አዲስ ውል ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ግን ሐዲዱ ለዓመታት ድሬዳዋ ላይ አልቆ ቆሞ ነበር።

ከተማዋን የሠራት ይህ መቆም ነው። ከጅቡቲ በፉርጎ የመጣው ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ከሐረርጌና ከመሀል አገር የመጣው ቡናና ቆዳም ከግመል ጀርባ ወርዶ ፉርጎ ውስጥ ይገባል። ዕቃ ከአንዱ መጓጓዣ ወደ ሌላው በሚዛወርበት ቦታ ደግሞ መጋዘን ያስፈልጋል፤ ደላላ ያስፈልጋል፤ ሚዛን፣ ጉምሩክ፣ ተሸካሚ፣ ገንዘብ ለዋጭ፣ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። የዓረብ፣ የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች መጡ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ከየአቅጣጫው ገባ።

መስመሩ አዲስ አበባ ከደረሰም በኋላ ድሬዳዋ መቆሚያነቷን አላጣችም። የዚያን ጊዜ ባቡር በሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው 784 ኪሎ ሜትር ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን ሌሊት አዋሽ ያድራል። መንገደኛ የሚያድርበት ቦታ ሆቴል ያበቅላል፤ ሆቴል ዳቦ ቤትና ሥጋ ቤት ይጠራል፤ ልብስ አጣቢው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሻይ ቤቱ ይከተላል። በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው አሮጌው የባቡር ቡፌ የዚያ ዘመን ምስክር ነው።

ከጣቢያው ጀርባ ደግሞ ዲፖው ነበር። ድሬዳዋ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል፣ በረሃው አልቆ ዳገቱ በሚጀምርበት ላይ ናት። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ውሃ ይፈልጋል፤ ማገዶ ይፈልጋል፤ ከመንገድ ሲመለስ የሚያየው መካኒክ ይፈልጋል። ዋናው የጥገና ወርክሾፕ እዚህ የተተከለው ለዚህ ነው። ብረት ማቅለጫው፣ ቶርኖው፣ የፉርጎ መጠገኛው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። የእርሻ ልጅ፣ የእረኛ ልጅ እዚያ ገብቶ በዓመታት ውስጥ ቦይለር የሚፈታ፣ ጎማ የማይነካውን የብረት መንኮራኩር የሚያስተካክል ባለሙያ ሆኖ ይወጣ ነበር። ደመወዙ በወሩ ይከፈላል፤ ሥራ መግቢያው በሰዓት ነው። ከአገሪቱ ቀደምት የደመወዝተኛ ሠራተኛ መንደሮች አንዱ ይህ ነው። የሥራ ቋንቋውም ፈረንሳይኛ ስለነበር ከተማው ቃላት ወረሰ። “ለገሃር” ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ “ፉርጎ”ም እንዲሁ።

ከተማዋም በዚህ መልክ ሁለት ፊት አወጣች። ከደቻቱ በአንደኛው ወገን ከዚራ አለ፤ በፕላን የተቀየሰ፣ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና ጥላ ያላቸው ዛፎች ያሉት፣ ከጣቢያው ደጃፍ የሚጀምር ሰፈር። በሌላው ወገን መጋላ አለ፤ ጠባብ መንገድ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ፣ የቅመም ሽታ። በአንደኛው ኩባንያው፣ በሌላው ገበያው ይኖር ነበር። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ባቡሩ የሚያመጣው ሰውና ዕቃ ነበር።

ባቡር አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ይጥላል። የዘይላ ወደብ ንግዱን ለጅቡቲ አስረከበ። ሐረር ታሪኳን ይዛ ንግዱን ለታናሿ ለቀቀች። ሰሜን ሸዋም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። የሸዋ ነገሥታት ከመንዝ ተነሥተው አንኮበር ላይ በተቀመጡበት ዘመን፣ ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው አልዩ አምባ የአገሩ በር ነበረች። ከታጁራና ከዘይላ በአፋር በረሃ የሚመጣው ቅፍለት ግመሉን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። ጨው፣ ጨርቅ፣ መሣሪያ በእሷ በኩል ገባ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ቀጥሎ ባቡሩ በሌላ በኩል መጣ። አልዩ አምባ በጦርነት አልተቃጠለችም፤ በወረርሽኝ አልጠፋችም። መንገዱ ብቻ ዞረባት። ለአንድ ገበያ ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ድሬዳዋም ተራዋ እስኪደርስ ብዙ አይታለች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከሳምንት በኋላ ከሰሜንና ከደቡብ የመጣው የጣልያን ጦር የተገናኘው ድሬዳዋ ላይ ነበር። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ እስከ ደጇ ደርሶ ተመለሰ፤ ሐዲዱ ግን ተቆራርጦ ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት ይቆጠራል።

ይሁንና መስመሩን የገደለው ጦርነትም አደጋም ብቻ አይደለም። ቀስ ብሎ የገደለው ቸልታ ነው። ጣልያን የሠራው የአሰብ መንገድ አለ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ አሰብ የአገሪቱ ዋና ወደብ ሆነ፤ ጭነቱ ወደ ካሚዮን ዞረ። ሐዲዱ አረጀ፤ ድልድዩ ደከመ፤ መለዋወጫ ጠፋ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመርና አሰብ ሲዘጋ፣ ኢትዮጵያ ወጪና ገቢዋን ሁሉ ወደ ጅቡቲ አዞረች። ባቡሩ ከመቶ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ተፈልጎ አያውቅም። በተፈለገበት ቀን ግን ጉልበት አልነበረውም። ጭነቱን ካሚዮን ወሰደው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ጨርሶ ቆመ።

የቆመው ባቡር ብቻ አይደለም። በመካከል ያሉት ትናንሽ ጣቢያዎች፣ እነ ሚኤሶ፣ እነ አፍደም፣ እነ ኤረር፣ ባቡሩ በሚቆምባት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሻይና ፍራፍሬ በመስኮት እየሸጡ የሚኖሩ ብዙ ሴቶች ነበሯቸው። ከጅቡቲ ጨርቅና ሽቶ አምጥተው ከፊናንስ ጋር ድብብቆሽ የሚጫወቱ ነጋዴዎች ነበሯቸው። ሕጋዊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ያሳደገ ገቢ ግን ነበር። ባቡሩ ሲቀር ምትክ ይዞላቸው የመጣ አልነበረም።

አሁን አዲሱ ባቡር አለ። በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ከድሮው ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ ፈጣን ነው፤ የሚጭነውም ብዙ ነው። ወደብ ለሌላት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም።

ነገር ግን ጣቢያዎቹ የት እንዳሉ ልብ በሉ። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሃር አይደለም፤ ለቡ ነው። የድሬዳዋውም ከከዚራ ደጃፍ አይደለም፤ ከከተማው ውጭ ነው። መንገደኛ ባቡር ለመያዝ መጀመሪያ ሌላ መኪና መያዝ አለበት። ከባቡር የወረደውም ከተማው መሀል አይወርድም፤ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ለመሐንዲስ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከከተማ ውጭ መሬት ይገኛል፤ መስመሩ ቀጥ ይላል፤ ካሳው ይቀንሳል። ለኮንቴይነርም ግድ አይሰጠውም፤ ኮንቴይነር ሻይ አይጠጣም፤ አልጋ አይከራይም። ሰው ግን ይጠጣል፤ ይከራያል። ድሮ ሐዲዱ ከተማውን የሠራው ከጣቢያው በር እስከ ገበያው በእግር ስለሚደረስ ነበር።

በዘመሮና በሌሎች የመንዝ ደጋ ከተሞች ይህን የሚያነብ ሰው “ለእኛ ምናችን ነው?” ሊል ይችላል። ዘመሮ ባቡር አይታ አታውቅም። የእሷ ለገሃር መናኸሪያው ነው። ሆኖም ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት በኩል፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ የሚያልፈው ከዚሁ ደጋ ግርጌ ነው። የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ ሐዲዱ በአብዛኛው ተዘርግቷል። የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይደርስለት ዘገየ፤ በሰሜኑ ጦርነትም ተጎዳ። አንድ ቀን ሥራ ሲጀምር ከመንዝ የሚወርደው ገብስ፣ በግና ሱፍ ሐዲዱን የሚያገኘው ቆላው ላይ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው “ባቡር መጣ ወይ?” አይደለም። “የት ይቆማል? ማን ይጭናል? ማን ይጠግነዋል? ከደጋው ወደ ጣቢያው የሚያወርደው መንገድ ምን ዓይነት ነው?” ነው። እነዚህ ሳይመለሱ ከቀሩ ባቡሩ እንደ አውሮፕላን ይሆናል፤ ድምፁ ይሰማል እንጂ አይያዝም።

ድሬዳዋ ላይ አሮጌው ዲፖ አሁንም አለ። ሎኮሞቲቮቹ፣ ሊቶሪናው፣ ማሽኖቹ ከግቢው አልወጡም። ጎብኚ ይገባል፤ ፎቶ ያነሣል፤ ይወጣል። መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ያ ግቢ ለአገሪቱ ያስተማረው ነገር አለ። የውጭ ኩባንያ ሐዲድ ሊዘረጋ ይችላል፤ ከተማ የሚሆነው ግን የአገሩ ልጅ ሙያውን ሲይዘው፣ መንገደኛው ሲያድርበት፣ ገበያው ከጣቢያው ጋር ሲገናኝ ነው። የሠራተኞቹ መዝገብ፣ የወርክሾፑ መሣሪያና የአዛውንቶቹ ትዝታ በጊዜ ካልተሰበሰበ፣ ይህን ትምህርት እንደገና በብድር መግዛት ይመጣል።

ድሬዳዋን ያቆማት የገንዘብ እጦትና የተራራ ዳገት ነው፤ ማንም አስቦበት አይደለም። የሚቀጥሉት ጣቢያዎች ግን በሰው ውሳኔ የሚተከሉ ናቸው። አልዩ አምባ መንገዱ ሲዞርባት የጠየቃት አልነበረም። ዛሬ ግን ሐዲዱ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ጣቢያው ከማን ደጅ እንደሚሆን መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው ሲያልፍ ግን ጥያቄው ታሪክ ይሆናል።