ኤድዋርድ ሮይባል፦ ከሽንፈት በኋላ መራጭ ያሰባሰቡት የሎስ አንጀለስ መሪ

ኤድዋርድ ሮይባል እ.አ.አ. በ1916 በኒው ሜክሲኮ የተወለዱ ሜክሲኮ አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ነበሩ። በ1947 ለሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ተወዳድረው ተሸነፉ። ከደጋፊዎቻቸው ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት ድርጅት የተሰኘውን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም ቤት ለቤት እየዞረ በሺዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ መራጮችን አስመዘገበ።

በ1949 አሸንፈው ከ1881 ወዲህ ምክር ቤቱን የተቀላቀሉ የመጀመሪያው ሜክሲኮ አሜሪካዊ ሆኑ። በ1950 ኮሚኒስቶች በፖሊስ ዘንድ እንዲመዘገቡ የሚያስገድደውን ደንብ በመቃወም ብቸኛውን ድምፅ ሰጡ። ከ1963 እስከ 1993 በአሜሪካ ኮንግረስ አገልግለው በ2005 አረፉ። ካረፉ በኋላ፣ በ2014፣ የፕሬዚዳንቱ የነፃነት ሜዳልያ ተሰጣቸው።

በ2002 የፌርፋክስ ጎዳናን አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሮይባል በመራጮች ምዝገባ በሩን ያስከፈቱት ይኸው ምክር ቤት ነው።