የቀበናው ጠላቂ

ስሙኝማ፣ ጠጋ በሉ።

ቀበና ወንዝ ዳር ላደገ ልጅ ዋና ማለት ወንዙ ድንጋይ ሥር የሚያቁረው ኩሬ ነው። ውኃው ደረት ከደረሰ ጥልቅ ይባላል፤ ጠልቆ ጠጠር ያወጣ ደግሞ ጀግና ነው። እኔ ሦስቴ አውጥቻለሁ። ይህን ማዕረጌን ይዤ ነው ለሥራ ጂቡቲ የወረድኩት። የሥራውን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

አውሮፕላኑ ከቦሌ ሲነሣ ጆሮዬ ጭጭ አለ። አይግረማችሁ፤ ሰማይ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ የ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ያህል ነው። እሱማ የሰፈራችን አየር ነው! ጉዱ የመጣው ቁልቁል ስንል ነው። ጆሮዬ ድፍን አለ። ከኋላዬ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ጡት ሰጠችውና ዝም አለ። ጠቢቱ እናት! መዋጥ ከጉሮሮ ወደ ጆሮ የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ይከፍታል። እኔም ምራቄን ዋጥኩ፣ ጧ አለልኝ።

በእረፍቴ ቀን ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በጀልባ ወጣን። አስተማሪው አማርኛን ከኛ ሾፌሮች የለቀመ ሽማግሌ ነው። የአየር ጋኑን አሸከመኝና «ወንድሜ፣ አፍንጫህን ያዝ፣ አፍህን ዝጋ፣ ቀስ ብለህ ንፋ። ሳያምህ!» አለኝ። ይህች ዘዴ ቫልሳልቫ በሚባል ኢጣሊያዊ ሐኪም ስም ትጠራለች፤ በ1704 እ.ኤ.አ. ስለ ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ የጻፋት ግን መግል ለማስወጣት ነበር።

እኔ ግን የሦስት ጠጠር ጀግና! ካመመኝ እነፋለሁ ብዬ ከጀልባው የተጣለውን ገመድ ይዤ ወረድኩ። ሦስት ሜትር ሳልደርስ ጆሮዬ ውስጥ ሚስማር ተመታ። አፍንጫዬን ይዤ በጉልበት ነፋሁ፤ ምንም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ከዘገየህ ግፊቱ የቱቦዋን አፍ ጨፍኖ ይይዘዋል፣ ብትታገል የጆሮህን ታምቡር ትጎዳለህ እንጂ አትከፈትም። ሽማግሌው ክንዴን ይዞ አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ መለሰኝ። አሁን በቀስታ ነፋሁ። ጧ!

እስቲ ሒሳቡን እዩልኝ። ቀበና ላይ የሚጫነን አየር ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ግድም ነው። የጎደለችውን ሩብ ሁለት ሜትር ተኩል ውኃ ይሞላታል። ከእንጦጦ ሥር እስከ ባሕር ያለው ቁልቁለት ሁሉ ከአንድ በር ከፍታ ብዙም በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል ማለት ነው! በመኪና ሰዓታት የሚፈጀውን እኔ በጥቂት ሰከንድ ወረድኩት። ጆሮ እንዴት አይጮህ?

ከዚያ ወዲያ በየክንዱ እየነፋሁ፣ ገመዱን ሳልለቅ አሥር ሜትር ደረስኩ። በማግስቱ ግን አፍንጫዬ መንጠባጠብ ጀመረ። ሽማግሌው ገና ሳስነጥስ «ጉንፋን አይወርድም» ብሎ ጋኑን ነጠቀኝ። በጉንፋን ያበጠች ቱቦ መውረጃውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም ትዘጋለች፤ ያኔ አየሩ ውስጥ ታፍኖ ሲሰፋ ጆሮን ከውስጥ ይገፋል። ተናድጄ ጀልባው ላይ ዋልኩ።

ጋን አዝሎ እንደ ዓሣ ጠልቆ ወዲያው ወደ ቀበና መውጣትም ክልክል ነው። ከፍታችን እንደ በረራ ይቆጠራል፤ በደም የሟሟው ናይትሮጅን እስኪወጣ አንድ ቀን ሙሉ ቆየሁ።

ቤት ስገባ እማዬ ቡና እየቆላች «እሺ፣ ባሕር ውስጥ ምን አየህ?» አለችኝ።

«ገመድ» አልኳት።

«እሱማ ጓሮም አለ፤ ልብስህን ስጣበት።»